74.5 ዲግሪ

አውሮፕላን ወድቋል የተባለ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚፈልገው አውሮፕላን የሚመስል ነገር ነው፤ ጭራ፣ የክንፍ ቁራጭ፣ የመስኮቶች መስመር። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ቢሾፍቱ አካባቢ፣ ጊምቢቹ ወረዳ፣ ቱሉ ፈራ የደረሱት ሰዎች ያገኙት ግን ጉድጓድ ነበር። ርዝመቱ 40፣ ወርዱ 28 ሜትር ያህል ነው። በኋላ ቁፋሮው ሲካሄድ የመጨረሻው ስብርባሪ የተገኘው 10 ሜትር ያህል ወደ መሬት ከተወረደ በኋላ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ ነበር። አየር ላይ የቆየው ስድስት ደቂቃ እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ነው። ከ149 መንገደኞችና ከ8 የበረራ ሠራተኞች አንድም ሰው አልተረፈም።

የሚያስጨንቀው ነገር ሰበብ የሚሆን መጥፋቱ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ 8 ሲሆን ከፋብሪካ ከወጣ ገና አራት ወሩ። ዋና አብራሪው ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው በ29 ዓመታቸው ከ8,000 ሰዓት በላይ የበረሩ ሰው ነበሩ። አብራሪዎቹ ከበረራ ተቆጣጣሪዎች ጋር ባደረጉት ግንኙነት ችግር እንደገጠማቸውና መመለስ እንደሚፈልጉ ተናግረው ነበር፤ ፈቃዱም ተሰጥቷቸው ነበር። ቦሌ ቅርብ ነው። ታዲያ ከመነሣት እስከ መውደቅ ባሉት በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ምን ሆነ?

ያንኑ ጥያቄ ከአምስት ወር በማይሞላ ጊዜ በፊት፣ ከውቅያኖስ ማዶ፣ ሌሎች መርማሪዎች ጠይቀውት ነበር።

ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር በረራ ቁጥር 610 ከጃካርታ ተነሥቶ ብዙም ሳይርቅ ጃቫ ባሕር ውስጥ ገባ። 189 ሰዎች ሞቱ። ያም ማክስ 8 ነበር፤ ያም አዲስ ነበር። ከባሕሩ የወጣው የበረራ መቅጃ ያሳየው ነገር እንግዳ ነበር። አፍንጫው በራሱ ወደ ታች ይሄዳል፣ አብራሪው ይመልሰዋል፣ እንደገና ይሄዳል፤ ይህ ከሃያ ጊዜ በላይ ተደጋግሟል። ቦይንግና የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለአየር መንገዶች ማሳሰቢያ ላኩ፤ አብራሪዎችም የሚያበሩት አውሮፕላን ውስጥ ኤምካስ የሚባል፣ በመመሪያ መጽሐፋቸው ያልተጻፈ ሥርዓት እንዳለ የሰሙት ከዚያ በኋላ ነው። ማሳሰቢያው በጥቅሉ ይህን ይላል፦ አፍንጫው ያለ ትእዛዝ ወደ ታች ከሄደ ሁለቱን የትሪም (የጭራ ማስተካከያ) ማቋረጫ ማብሪያዎች አጥፉ፣ ከዚያ በእጅ መንኮራኩር አስተካክሉ።

ስለዚህ የቱሉ ፈራው ጉድጓድ ዜና በተሰማበት ሰዓት በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ አንድ ጥርጣሬ ነበር። ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የቀሩትን አራት ማክሶች ወዲያው አቆመ። ቻይና በማግስቱ አገደች፤ አውሮፓ ተከተለ። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ግን መጋቢት 3 ቀን አውሮፕላኑን ለማገድ የሚያበቃ ምክንያት አላገኘሁም ብሎ ጸና። በጥብቅ ሙያዊ ዓይን ካየነው ክርክሩ መሠረት አልነበረውም አይባልም። ሁለት አውሮፕላኖች መውደቃቸው በአንድ ምክንያት ወድቀዋል ማለት አይደለም። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር መገኘት ነበረበት።

የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው ከላይ ነው፤ በጣም ከላይ። በምድር ላይ ያሉ ተቀባዮች የያዙት የበረራው ምልክት ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ የሚቋረጥ አጭር ቁራጭ ነበር። ኤሪዮን የተባለ ድርጅት ግን የአውሮፕላኖችን ምልክት ከኢሪዲየም ሳተላይቶች ላይ ሆኖ ይሰበስብ ነበር፤ የ302ን መንገድም ይዞ ተገኘ። ባለሙያዎች ያን መስመር ከላየን ኤሩ መስመር ጎን አስቀመጡት። ከፍታው ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። አንዱ በጃቫ ባሕር ላይ፣ ሌላው በኦሮሚያ ደጋ ላይ፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ሞገድ ተንቀጥቅጠዋል። መጋቢት 4 ቀን ካናዳ ይህን መመሳሰል ጠቅሳ አገደች።

በዚያው ሳምንት ከጉድጓዱ አፈር ውስጥ አንድ ብረት ወጣ።

ባለሙያዎች ጃክስክሩ ይሉታል፤ ጥርስ የተቆረጠለት ረጅም የብረት ዘንግ ነው። ሥራው የጭራውን አግድም ክንፍ፣ ማለትም ስታቢላይዘሩን፣ ወደ ላይና ወደ ታች ማዘንበል ነው። አውሮፕላን ተሰባብሮ ዱቄት ቢሆን እንኳ ይህ ዘንግ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ በላዩ የሚሄደው ዳዶ የቆመበት ቦታም በግጭቱ ቅጽበት ጭራው እንዴት አዘንብሎ እንደነበር ይናገራል። የተገኘው ዘንግ የተናገረው አፍንጫን ወደ ታች የሚገፋ አቀማመጥ ነበር። የላየን ኤሩም እንዲሁ። በዚያው መጋቢት 4 ቀን አሜሪካም ከቦታው የተገኘ አዲስ ማስረጃና የጠራ የሳተላይት መረጃ ጠቅሳ ማክስን አገደች። በመላው ዓለም የነበሩት ማክሶች ሁሉ መሬት ያዙ።

ዘንጉ ጭራው የት እንደቆመ ተናገረ። ማን እንዳዘዘው ግን አልተናገረም።

ያን የሚያውቁት ሁለቱ መቅጃዎች ነበሩ፤ በሰፊው ጥቁሩ ሳጥን የሚባሉት፣ በእርግጥ ግን ብርቱካናማ የሆኑት። በአደጋው ማግስት ከአፈር ወጥተዋል፤ ግን ተጎድተው ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ የተጎዳ መቅጃ የሚከፈትበት ቤተ ሙከራ አልነበረም። ጀርመን ተጠየቀች፤ ለዚህ አዲስ ዓይነት የሚሆን ሶፍትዌር የለንም አለች። በመጨረሻ መቅጃዎቹ ከኢትዮጵያውያን መርማሪዎች ጋር ወደ ፓሪስ፣ ወደ ፈረንሳይ የአደጋ ምርመራ ቢሮ ተላኩና መጋቢት 5 ቀን ደረሱ። ቢሮው ያወጣው ፎቶግራፍ የተጨራመተ ቆርቆሮና ከመካከሉ የወጣ አንድ ጠንካራ የማኅደረ ትውስታ ቋት ያሳይ ነበር። ከዚያ ቋት ውስጥ ነበር ነገሩ ሁሉ የሚወጣው፤ ከወጣ።

በሁለት ቀን ውስጥ የአብራሪዎቹ ጓዳ ድምፅ ወጣ። ፈረንሳዮቹ ፋይሎቹን ራሳቸው ሳይሰሙ ለኢትዮጵያው ቡድን አስረከቡ። ይህን ጥንቃቄ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ምርመራው የኢትዮጵያ ነበር፣ የሁለት አብራሪዎች የመጨረሻ ድምፅም ነበር። በማግስቱ የበረራው መረጃም ተነበበ። መጋቢት 8 ቀን የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ዳግማዊት ሞገስ ከላየን ኤር ጋር ግልጽ መመሳሰል መገኘቱን አስታወቁ። ዝርዝሩ የወጣው መጋቢት 26 ቀን፣ በመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርቱ ነው።

ሪፖርቱ ውስጥ ካሉት መስመሮች ሁሉ ዓይን የሚይዙት ሁለት ናቸው። ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ግራና ቀኝ አንዳንድ ትንሽ ክንፍ ወጥታለች። ነፋሱ በሚመጣበት አቅጣጫ ትዞራለች፤ አውሮፕላኑ ከነፋሱ አንጻር አፍንጫውን ምን ያህል ቀና እንዳደረገም በዲግሪ ትለካለች። አውሮፕላኑ አንድ፣ ነፋሱም አንድ ስለሆነ ሁለቱ ተቀራራቢ ቁጥር መናገር አለባቸው። 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ከ44 ሴኮንድ ላይ፣ ጎማዎቹ ከመንደርደሪያው ከተላቀቁ ጥቂት ሴኮንዶች በኋላ፣ ተለያዩ። የቀኙ ከ15.3 ዲግሪ አላለፈም። የግራው አንድ ሴኮንድ በማይሞላ ጊዜ 74.5 ዲግሪ ደረሰ።

74.5 ዲግሪ ማለት አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ተክሎ ሊቆም ምንም አልቀረው ማለት ነው። ገና ከመንደርደሪያው የተላቀቀና በሥርዓቱ እየወጣ ያለ አውሮፕላን እንዲህ ያለ ማዕዘን ላይ ሊሆን አይችልም። ማንኛውም ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ቢያይ የትኛው እንደተሳሳተ ለመለየት ደቂቃ አይፈጅበትም። ጎን ለጎን ያያቸው ግን አልነበረም። ኤምካስ በዚያ በረራ ያነበበው አንዱን ብቻ ነበር፤ የግራውን።

ከዚያ በኋላ ያለው በሴኮንድ የተቆጠረ ነው። የካፒቴኑ መሪ የማስጠንቀቂያ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እስከ ቀረጻው መጨረሻ ገደማ አላቆመም። የፍጥነትና የከፍታ ንባቦች በግራና በቀኝ ተለያዩ። 2 ሰዓት ከ40 ላይ፣ የክንፍ ፍላፖች ገብተው አውቶፓይለቱ ከተላቀቀ በኋላ፣ ኤምካስ ተራው ደረሰና ለ9 ሴኮንድ ያህል ጭራውን አንቀሳቀሰ። ትሪሙ በራሱ መለኪያ ከ4.6 ወደ 2.1 ወረደ። ካፒቴኑ መለሱ፤ ኤምካስ ደገመ፤ አሁን ወደ 0.4። እንደገና መለሱ። በዚህ ጊዜ ረዳት አብራሪው አሕመድኑር መሐመድ የማቋረጫ ማብሪያዎቹን ጠሩ፤ ሁለት ጊዜ። ካፒቴኑ ተስማሙ፤ ማብሪያዎቹ ጠፉ። የ25 ዓመቱ ረዳት አብራሪ የበረሩት ጠቅላላ ሰዓት 361 ነበር፤ ነገር ግን ከጃካርታው አደጋ በኋላ የተላከውን መፍትሔ የጠሩት እሳቸው ናቸው። ቀጥሎ ኤምካስ ሦስተኛ ትእዛዝ ላከ። ጭራው አልተንቀሳቀሰም። መፍትሔው ሠርቶ ነበር።

እዚህ ላይ ታሪኩ ማለቅ ነበረበት።

አላለቀም፤ ሁለተኛው እንቆቅልሽም ከዚህ ይጀምራል። ብዙ ሰው እስከዚያ ቀን የያዘው ግምት ግልጽ ነበር፦ አብራሪዎቹ ማሳሰቢያውን ቢከተሉ ኖሮ ይተርፉ ነበር። መቅጃው ግን ማብሪያዎቹ መጥፋታቸውን እያሳየ ነበር። ካፒቴኑ ትሪሙ ይሠራ እንደሆነ ጠየቁ፤ ረዳቱ አይሠራም ብለው በእጅ ልሞክር አሉ፤ ሞክረውም አልሠራም አሉ። ሞተሮቹ ከመነሻው ጀምሮ በመነሻ ጉልበታቸው ላይ ነበሩ፤ ፍጥነቱ ከተፈቀደው 340 ኖት አልፎ ሄዷል። በዚያ ፍጥነት ነፋሱ የተጣመመውን ጭራ ይዞት የእጅ መንኮራኩሩን ማዞር ከሰው ክንድ በላይ ይሆናል። በጥንታውያኑ 737 አውሮፕላኖች ዘመን የነበሩ አብራሪዎች ለዚህ የሚሆን ዘዴ ይማሩ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ከመመሪያዎቹ ወጣ። ሁለቱ ሰዎች መሪያቸውን ወደ ራሳቸው እየሳቡ ከሁለት ደቂቃ በላይ ታገሉ። 2 ሰዓት ከ43 ላይ የኤሌክትሪክ ትሪሙ ሁለት ጊዜ ለቅጽበት ወደ ላይ ሲነካ በመቅጃው ላይ ይታያል፤ ይህ የሚሆነው ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ብቻ ነው። ኤሌክትሪኩ ለእነሱ ሲመለስ ለኤምካስም ተመለሰ። ለ5 ሴኮንድ አዘዘ፤ ትሪሙ 1.0 ላይ ደረሰ፤ አፍንጫው 40 ዲግሪ ወደ ምድር ዞረ።

ፍጥነቱ ለምን አልተቀነሰም የሚለው ጥያቄ በአሜሪካውያን መርማሪዎች ተደጋግሞ ተነሥቷል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን የሚንቀጠቀጥ መሪ፣ የሚጋጩ ንባቦችና የሚጮሁ ማስጠንቀቂያዎች ባሉበት ጓዳ ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ላይ ጥያቄው ሲቆም፣ አንድ ሌላ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀራል። አንዲት ትንሽ ክንፍ ብቻዋን 157 ሰው የያዘ አውሮፕላን እንድታወርድ ማን ፈቀደላት?

መልሱ ከአፈር የሚቆፈር አልነበረም። ወረቀት ውስጥ ነበር።

በአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ ለተሠማሩ መሐንዲሶች ይህ ዓይነቱ ጥያቄ አዲስ አልነበረም። ለአሥርት ዓመታት ሲመልሱት ኖረዋል፤ ሲመልሱትም አንድ ጊዜ የሠራውን አደረጃጀት መዝግበው፣ ስም ሰጥተው፣ ደግመው ይጠቀሙበታል። ንድፈ አምሳያ ልንለው እንችላለን። አንዱ አምሳያ ሁለት ምንጮችን ያወዳድራል፤ ካልተስማሙ ሥርዓቱ ራሱን አጥፍቶ ለአብራሪው ይናገራል። ሌላው ሦስት ምንጭ ይይዝና መካከለኛውን ያምናል። ሦስተኛው ሁለት ኮምፒውተሮችን አጣምሮ አንዱን አዛዥ፣ አንዱን ተቆጣጣሪ ያደርጋል፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ የጀመረው ኤርባስ ኤ320 የቆመው በዚህ ላይ ነው። ቦይንግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራ ባስጀመረው 777 ላይ ሦስት ዋና የበረራ ኮምፒውተሮችን አስቀመጠ፤ በእያንዳንዳቸውም ውስጥ ከሦስት የተለያዩ አምራቾች የተገዙ ፕሮሰሰሮች የያዙ ሦስት መስመሮችን። አንዱ አምራች ያልታየው ስሕተት ቢኖርበት ሌሎቹ እንዳይከተሉት ነው። ከኋላው ያለውን አሳብ ለመረዳት የመሐንዲስነት ትምህርት አያስፈልግም፤ የድንበር ክርክር የያዘ ሽማግሌም በአንድ ምስክር ቃል ድንበር አይቆርጥም።

አምሳያዎቹ የሚጠቅሙት ለነዳፊው ብቻ አይደለም። ደኅንነቱን የሚመዝነው ሰውም ከባዶ አይጀምርም። በእንግሊዝ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ቲም ኬሊና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ የደኅንነት መከራከሪያዎችን እንዲህ ደጋግሞ ለመጠቀም በሚያመች መልክ ማደራጀት ጀምረው ነበር፦ ይህን አደረጃጀት ከመረጥህ፣ እነዚህ ነገሮች እውነት መሆናቸውን አሳይ። ቁልፉ ያለው እዚህ የመጨረሻው ሐረግ ላይ ነው። አምሳያው የተሸከመው ቅድመ ሁኔታ ከተነሣ አምሳያው ስሙ ብቻ ይቀራል።

ጋዜጠኞች፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴና የተለያዩ አገሮች ባለሙያዎች የቦይንግን ሰነዶች ማገላበጥ ሲጀምሩ ያገኙት በትክክል ይህን ነበር።

የሲያትል ታይምሱ ጋዜጠኛ ዶሚኒክ ጌትስ የመጀመሪያውን ትልቅ ክር የሳበው ከ302 በፊት ነው። ከመሐንዲሶች የሰበሰበውን ይዞ ለቦይንግና ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጥያቄ ልኮ መልስ እየጠበቀ ሳለ ነበር የቱሉ ፈራው አደጋ የደረሰው። ጽሑፉ የወጣው መጋቢት 8 ቀን፣ ሚኒስትሯ ስለ መመሳሰሉ በተናገሩበት ዕለት ነው። ምን ነበር የተገኘው?

ኤምካስ ሲወለድ ትንሽ ነበር። የማክስ ሞተሮች ከቀድሞዎቹ የሚበልጡና ወደ ፊት የወጡ ስለሆኑ፣ በከፍተኛ ፍጥነት ኃይለኛ መዞር ሲደረግ አፍንጫው ከሚገባው በላይ ይቀልል ነበር። ተራ መንገደኛ ዕድሜ ልኩን የማያየው ዓይነት በረራ ነው፤ ለብቁነት ፈተና ግን ማለፍ ነበረበት። ስለዚህ ጭራውን በ0.6 ዲግሪ ብቻ የሚያንቀሳቅስ ሶፍትዌር ተጻፈ። እንዲነሣም ሁለት ነገር አብሮ መገኘት ነበረበት፦ ከፍተኛ የንፋስ ማዕዘን፣ እና አውሮፕላኑ ላይ የሚያርፍ ከፍተኛ የስበት ጫና። ሁለት የማይገናኙ መለኪያዎች፣ ሁለት ምስክሮች። ትንሿ ክንፍ ብትዋሽ እንኳ የጫናው መለኪያ ዝም ይላልና ኤምካስ አይነሣም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የሙከራ በረራ ሲካሄድ ሌላ ችግር ታየ። በዝቅተኛ ፍጥነትም አውሮፕላኑ እንደሚፈለገው አይሆንም። መሐንዲሶቹ በእጃቸው ያለውን መሣሪያ ለዚህም ተጠቀሙበት። በዝቅተኛ ፍጥነት ግን የጭራው ጉልበት ስለሚቀንስ 0.6 አይበቃም፤ 2.5 ዲግሪ ሆነ። በዝቅተኛ ፍጥነት ደግሞ ከፍተኛ የስበት ጫና አይኖርም። ስለዚህ ያ መለኪያ ከቅድመ ሁኔታው ወጣ።

ሁለተኛው ምስክር የወጣው እንዲህ ነው። ማንም አላባረረውም፤ ለአዲሱ ሥራ ስላልተመቸ ብቻ ተነሣ። የቀረው የንፋሱ ማዕዘን ነው፤ እሱም በአንድ በረራ ከአንድ ወገን ብቻ የሚነበብ።

ምዘናውም አብሮ አልተነሣም። በአቪዬሽን ሕግ የብልሽት ውጤት በደረጃ ይከፈላል። እልቂት የሚያመጣ ብልሽት በቢሊዮን የበረራ ሰዓት ከአንድ ጊዜ በላይ ሊደርስ አይገባም፤ ከአንድ ዕቃ መበላሸት ብቻም ሊመነጭ አይፈቀድለትም። የኤምካስ ያለ ትእዛዝ መነሣት በተለመደ በረራ ላይ የተሰጠው ደረጃ ግን ዝቅ ያለው፣ ከባድ የተባለው ነበር፤ ለዚያ ደረጃ አንድ ሴንሰር፣ ማለትም አንድ መለኪያ፣ ይበቃል። ግምቱ የቆመው አብራሪዎች በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ነገሩን አውቀው ይመልሱታል በሚል ነው። በሲሙሌተር ሲሞከርም ጭራው ብቻውን እንዲንቀሳቀስ ተደረገ። የሚንቀጠቀጠው መሪ፣ የሚጋጨው ፍጥነት፣ የሚደራረበው ማስጠንቀቂያ አብሮ አልቀረበም፤ የተበላሸ ሴንሰር ግን እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው ይዞ የሚመጣው። የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መስከረም 2012 ዓ.ም. ባወጣው ምክረ ሐሳብ ይህንኑ ክፍተት ነቅሷል።

ከወረቀቶቹ መካከል ይበልጥ የሚያስቆጨው ግን ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጻፈ አንድ የኢሜይል መልእክት በምክር ቤቱ ፊት ቀረበ። አንድ የቦይንግ መሐንዲስ ኤምካስ በአንድ የማዕዘን ሴንሰር ብልሽት ይጋለጥ እንደሆነ ጠይቆ ነበር። ጥያቄው ተጠይቆ ነበር ማለት ነው፤ በትክክለኛ ቃላት፣ ከሁለቱም አደጋዎች በፊት።

ሌላም ነበር። ቦይንግ ለአሜሪካ አየር ኃይል የሠራው ኬሲ 46 የነዳጅ ማመላለሻ አውሮፕላን ላይም ኤምካስ የሚባል ሥርዓት አለ። ያኛው ሁለት ሴንሰር ያነብባል። ትክክለኛው አምሳያ ከአንድ ኩባንያ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ስም፣ በሌላ ቡድን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ከላየን ኤር አደጋ በኋላ፣ በኅዳር 2011 ዓ.ም.፣ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ራሱ ስሌት ሠርቶ ነበር። ማሻሻያ ካልተደረገ በማክስ አውሮፕላኖች ጠቅላላ የአገልግሎት ዘመን 15 ያህል አደጋ ሊደርስ ይችላል የሚል ውጤት ወጣ። ቦይንግ ሶፍትዌሩን እስኪያሻሽል ድረስ ግን አውሮፕላኖቹ እንዲበሩ ተፈቀደ። ወረቀቱ ለሕዝብ የታየው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ የአውሮፕላን ደኅንነት ቁጥር ሆኖ ሲጻፍ እንዴት ቀዝቃዛ እንደሚሆን ለማየት ከዚህ የተሻለ ሰነድ የለም።

ማሻሻያው ሲመጣ አጭር ነበር። አዲሱ ሶፍትዌር ሁለቱንም ሴንሰሮች ያነብባል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 5.5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ኤምካስ ለቀሪው በረራ ይጠፋል። ቢነሣም ለአንድ ክስተት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አብራሪው መሪውን ስቦ ሊያሸንፈው ከሚችለው በላይም አያዝም። ሁለቱ የበረራ ኮምፒውተሮችም እርስ በርስ ይተያያሉ። በቦሌ ሰማይ ላይ በዚያ እሑድ የነበረው ልዩነት ወደ 60 ዲግሪ ይጠጋ ነበር። አሜሪካ ኅዳር 9 ቀን 2013 ዓ.ም. እገዳውን አነሣች፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስን መልሶ ያበረረው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።

አንድ ነገር ግን አልተዘጋም። የግራው ሴንሰር ለምን ዋሸ?

በላየን ኤር ይህ መልስ አግኝቷል። የኢንዶኔዥያ መርማሪዎች የመጨረሻ ሪፖርት፣ ፍሎሪዳ ውስጥ የተጠገነ ያገለገለ ሴንሰር 21 ዲግሪ ያህል ተዛብቶ ተስተካክሎ እንደነበር ደረሰበት። በ302 ግን ሴንሰሩ አውሮፕላኑ ይዞት የወጣው ነበር፤ እስከዚያች ሴኮንድ ድረስም ደኅና ይነበብ ነበር። መቅጃው ላይ ሌላ ትንሽ ምልክት ነበረች፤ ቁጥሮቹ ከተለያዩ በኋላ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ የግራው ትንሽ ክንፍ ማሞቂያ ሁኔታው ተለወጠ፣ ረዳት አብራሪውም የጸረ በረዶ ማስጠንቀቂያውን ጠርተው ነበር። አሜሪካውያኑና ፈረንሳዮቹ ይህን ይዘው፣ ትንሿ ክንፍ በአንድ ባዕድ ነገር፣ ምናልባትም በወፍ ተመትታ ተቆርጣለች አሉ። የኢትዮጵያ የአደጋ ምርመራ ቢሮ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ይህን አልተቀበለም፤ ምንጩ የኤሌክትሪክና የአመራረት ጉድለት ነው አለ። አሜሪካውያኑ የተቃውሞ አስተያየታቸውን ለብቻ አወጡ፤ ፈረንሳዮቹም እንዲሁ።

ክርክሩ ተራ አይደለም። ወፍ ከሆነ ዕጣ ነው ለማለት ያመቻል፤ ኤሌክትሪክ ከሆነ ጣት ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። በደኅንነት መዛኙ ጠረጴዛ ላይ ግን የሁለቱ ልዩነት ከሚመስለው ያነሰ ነው። ቦሌ ዙሪያ ወፍ አለ፤ ሽቦ ይላላል፤ ጠጋኝ ይሳሳታል። ምዘናው እነዚህን ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ነው የሚጽፋቸው፦ የግራው ሴንሰር የተሳሳተ ቁጥር ሰጠ። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

አውሮፓውያኑ ተቆጣጣሪዎች በሁለት ምንጭ አልረኩም። ሁለት ሲጣሉ ሥርዓቱ ማጥፋት እንጂ የትኛው እውነተኛ እንደሆነ መለየት አይችልም ብለው፣ ከሌሎች የበረራ መለኪያዎች ተሰልቶ የሚገኝ ሦስተኛ የማዕዘን ምንጭ ጠየቁ። የመጨረሻው ሪፖርት በወጣበት በዚያው ታኅሣሥ የአሜሪካ ምክር ቤት ይህን በሕግ አጸና፦ ማክስ 10 የተባለው ሞዴል የብቁነት ማረጋገጫ ካገኘ በኋላ በሦስት ዓመት ውስጥ፣ ሦስተኛው ምንጭ ቀድሞ በተሸጡት ማክሶች ላይ ሁሉ መገጠም አለበት።

የሕጉ ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ከአውሮፕላኑ ማረጋገጫ ነው እንጂ ከአደጋው ቀን አይደለም።